ትኩሳት ያልነበረው በሽታ

ልክየለሽ ገሠሠ ጎረቤቴ ነበረች። ቤታችን የሚለያየው በአንድ ግድግዳ ነው፤ ሳል ስትስል እሰማታለሁ፣ ሬዲዮዬን ስከፍት ትሰማኛለች። እኔ ኮሶበር ከተማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ እሷ ከከተማው ወጣ ብላ፣ በዳንግላ መንገድ ዳር በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበረች። ጤና ረዳት ብሎ የሚጠራት ግን አልነበረም። ከግምጃ ቤት እስከ ዳንግላ «ሐኪሟ» ነበር የምትባለው፤ እሷም አልጠላችውም።

ረጅም ናት። ነጭ ጋዋኗን በየማታው በከሰል ካውያ ትተኩሳለች። በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትናችን አንድም ቀን ታማ ከሥራ ስትቀር አላየሁም፤ ወባ ቆላ ወርዶ የተመለሰውን ሁሉ ሲጥል፣ ተስቦ ሲገባ፣ እሷን አልነካትም። ኩራቷ ይኼው ጤናዋ ነበር። ወጣት ሳለች ለፈንጣጣ ክትባት በእግሯ ያልረገጠችው መንደር የለም፤ የሰውነትን ነገር የተማረችውም ያኔ ነው። «ሰውነት አንዴ የተጣላውን አይረሳም» ትለኝ ነበር። «በሽታ ሲገባበት ያውቃል። ይግላል። ይዋጋል። ትኩሳት ማለት ውጊያው ነው፤ ትኩሳት ከሌለ በሽታ የለም።»

በዚህ ታምን ስለነበር በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የእጇን ጀርባ ግንባሩ ላይ ታሳርፋለች። ከቀዘቀዘባት ብዙ አትጠይቅም። አስፕሪን ሰጥታ፣ «ሥራ ጠልተህ ነው» ብላ ትሸኘዋለች።

የተወለደችው ከግምጃ ቤት ማዶ ካለ የገበሬ መንደር፣ ከአገው ቤተሰብ ነው። አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ባዬ ለሚባል የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ዳሯት። ሁለት ዓመት ታግሳ በአንድ የገበያ ቀን እንስራዋን ምንጭ ዳር ጥላ ዳንግላ አክስቷ ዘንድ ጠፋች። እዚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማረች፤ ከዚያ ለጤና ረዳትነት ተመርጣ ሠለጠነች። የሚገርመው ነገር፣ ተመልሳ የራሷ አገር ሰዎች መካከል ስትመደብ አንድም ቀን በክሊኒኩ ውስጥ በአገውኛ አልተናገረችም። ሽማግሌዎች በአገውኛ ሲለምኗት አጥርታ እየሰማች፣ «እዚህ በአማርኛ ነው» ትላለች። ያኔ ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ያ ቋንቋ መልሶ ወደ ባዬ ጎጆ የሚጎትታት ይመስላት የነበረ ይመስለኛል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የተጀመረው በ1975 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ጉሮሮዬን አሞኝ ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ተራ ይዤ ተቀምጫለሁ። ውርጩ ገና አልቀለጠም። ምህረቴ የምትባል የገበሬ ሚስት ከአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ከሽታዬ ጋር በጋሪ መጣች። ስትወርድ የጋሪውን ዳር ይዛ ትንሽ ቆማ ቀረች፤ ነጠላዋን ከኋላዋ ድርብ አድርጋ አሸርጣዋለች።

ተራዋ ሲደርስ በሩ አልተዘጋም፤ ልክየለሽ በር የመዝጋት ልማድ አልነበራትም። ምህረቴ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ በአገውኛ በቀስታ ነገረቻት። አገውኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። ባሏ በደረሰባት ቁጥር ደም ይፈሳታል፤ ያለዚያም ሽታ ያለው ውሃ ይወርዳታል፤ ወገቧን እንደ ምጥ ይቆርጣታል። ይኸው ነው ያለችው።

ልክየለሽ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ መለሰችላት።

«ትኩሳት የለሽም። ከስንት ወንድ ነው የምትውዪው?»

ሴትዮዋ የገባት አልመሰለኝም። ልጅቷ ግን ትምህርት ቤት ትሄድ ስለነበር ገባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከባሌ በቀር ወንድ አላውቅም፣ ሐኪሜ» አለች ምህረቴ በተሰባበረ አማርኛ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ይኼ የመሸታ ቤት ሴቶች በሽታ ነው። ከየት እንዳመጣሽው የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

በረንዳው ላይ አሥራ አምስት ሰው ያህል ነበርን። አንዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን አልተናገርኩምም። ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ።

ልክየለሽ አላየቻትም፤ አስተኝታ ውስጧን አልመረመረቻትም። ፔኒሲሊን ወጋቻት፤ በየሳምንቱ እየመጣች ሦስት ዙር ትወጋ ዘንድ ካርድ ጻፈችላት። ለገበሬ ማኅበሩም ባሏ መጥቶ እንዲታከም ደብዳቤ ላከች። ደብዳቤውን የማኅበሩ ጸሐፊ በስብሰባ ላይ አነበበው። ባልየው ቢሻው ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ «እኔ ንጹሕ ነኝ፣ መርፌ አያስፈልገኝም» አለና ሄደ። በዚያው ሳምንት ምህረቴን ከቤት አወጣት።

ወንድሟ ጉሮኖውን ለቀቀላት፤ ከበጎቹ ጋር። ሽታው ከበረታ በኋላ ወንድሟም ቢሆን ምግቧን በር ላይ አስቀምጦ የሚመለስ ሆነ። ሦስቱን ዙር መርፌ ጨርሳ ነበር። ግንቦት ውስጥ ሞተች። ሽታዬን አጭቶ የነበረ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ቃሉን አነሣ፤ የእንዲያ ያለች ሴት ልጅ አንፈልግም አለ። አባቷም በዓመቱ ሌላ ሚስት ሲያገባ ልጅቷ ወጥታ ዳንግላ ጠላ ቤት ተቀጠረች። ይኼን ሁሉ ሰማን። ልክየለሽም ሰማች። «ቶሎ አልመጣችም እኮ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሳልጠይቃት።

ልክየለሽ በኋላ ነጋ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ልጅ ግን አልወለዱም። መንግሥት ሾፌሮችን ለጦር ሜዳ ሲሰበስብ እሱም ሄደ፤ በ1980 ግንቦት ላይ ሰሜን ግንባር ሞተ የሚል ወረቀት መጣ። ልክየለሽ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባች።

ክረምቱ ሲገባ ከግድግዳው ማዶ ሌሊት ሌሊት ውሃ ሲፈስ እሰማ ጀመር። ትታጠባለች። ቤቷ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከበረኪናው ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ ነበር፤ ላለማወቅ ሞከርኩ። ሐዘኑ ነው፣ ንጽሕናው ነው ብዬ አለፍኩት።

መስከረም ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ደጄ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከስታለች።

«ማናየሽ፣ እስቲ እጅሽን ግንባሬ ላይ አድርጊ» አለችኝ።

አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር።

«ትኩሳት አለኝ?»

«የለሽም።»

«የለኝም» አለች። «አራት ወር ሙሉ በየቀኑ ለካሁት። አንድ ቀን እንኳ ከፍ አላለም። ደም ግን ይፈሰኛል።» ከዚያ አለቀሰች። ባሏ ሲሞት ያላለቀሰችውን ያህል ነው ያለቀሰችው። ቀጥላ የነገረችኝን አልረሳውም፤ ለራሷ ፔኒሲሊን ወግታ ነበር፣ ሦስት ዙር፣ በምህረቴ ካርድ ላይ የጻፈችውን ያንኑ መጠን። «ምንም አላደረገልኝም። ለእሷም ምንም አላደረገላትም ነበር» አለች። ማንም ሐኪም ሳይነግራት የምህረቴ በሽታ እንደሆነ ያወቀችው በዚያ ነው።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት እስክናወጣ ሁለት ወር ፈጀ። ታኅሣሥ 1981 ላይ ባሕር ዳር አድረን ጎንደር ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። አውቶቡሱ ላይ ከሥሯ የላስቲክ ጨርቅ አንጥፋ ተቀመጠች። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ።

የመረመራት ዶክተር አዝመራው ይባላል፤ ምሥራቅ ጀርመን የተማረ፣ ከሠላሳ አምስት የማይበልጥ ሰው። መርምሯት ሲያበቃ እጁን ታጥቦ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። የሙያ ሰው መሆኗን ስላወቀ አልደበቃትም።

«የማህፀን በር ካንሰር ነው። ወደ ግራና ቀኝ አልፏል። ቀዶ ጥገና ጊዜው አልፎበታል። የጨረር ሕክምና ደግሞ አገራችን ውስጥ የለም።»

«ይገባኛል» አለች ልክየለሽ። «ከምን እንደመጣ ንገረኝ።»

«ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተደረሰበት ነገር አለ። ምክንያቱ ቫይረስ ነው። ልጆች እጅ ላይ የሚወጣውን ኪንታሮት ያውቁታል አይደል? የዚያ ዘመድ ነው። ዘመዶቹ ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ክፉ አይደሉም። ጥቂቶቹ ግን የማህፀን በር ላይ ይቀመጣሉ።»

ልክየለሽ ወደ ፊት ተጠጋች። የበሽተኛ አኳኋን አልነበራትም፤ ከአስተማሪዋ መልስ እንደምትጠብቅ ተማሪ ዓይኗን አፍጥጣበታለች።

«እኔ ፈንጣጣ ከትቤያለሁ። ፈንጣጣ ሲገባ ሰውነት ያውቀዋል። ኩፍኝም ሲገባ ያውቀዋል። ይኼ ገብቶ ሲቀመጥ የእኔ ሰውነት የት ነበር?»

«ፈንጣጣ ደም ውስጥ ይገባል፤ የያዘውን ሴል እያፈረሰ ያልፋል። የፈረሰ ሴል ድምፅ አለው እንበል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይሰሙና ይመጣሉ። ትኩሳቱም እብጠቱም የእነሱ ሥራ ነው። ይኼኛው ደም ውስጥ አይገባም። ዓይን በማያየው ጭረት ይገባና ከላይኛው ቆዳ የታችኛው ንብርብር ላይ ጥቂት ሆኖ ይቀመጣል። የያዘውን ሴል አይገድለውም። ሴሉ በተፈጥሮው ወደ ላይ እየወጣ፣ አርጅቶ የሚረግፍ ነው። ቫይረሱ እስከዚያ ድረስ ድምፁን ያጠፋል። ሴሉ ሊረግፍ ሲል ይባዛል፤ ከሚረግፈው ቆዳ ጋር አብሮ ይወጣል። ቆዳ ሁልጊዜ ይረግፋል፤ ሰውነት አይደነግጥበትም።»

«የተገደለ የለም። የሚጮህ የለም» አለች።

«የለም።»

«ስለዚህ አያየውም።»

«አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶም ቢሆን ያየዋል። የብዙዎቹ ሴቶች ሰውነት ከጊዜ በኋላ ይነቃበትና ያጠፋዋል፤ ሴትየዋ ገብቶ እንደወጣም አታውቅም። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይቆያል። ሲቆይ ሴሉን አልሞትም ብሎ እንዲባዛ ያደርገዋል፤ ካንሰሩ ያ ነው። ቫይረሱ በአካባቢው ያሉትን ተከላካዮች ራሱ ያደነዝዛቸዋል የሚሉ አሉ። ገና እየተጠና ነው፤ አረጋግጬ ልነግርዎ አልችልም።»

«ጥቂቶቹ እነማን ናቸው? ምን ያደረጉ ናቸው?»

«ምንም ያደረጉ አይደሉም» አለ ዶክተሩ። «ኩላሊት ተተክቶላቸው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ያን እናውቃለን። በልጅነታቸው በተዳሩ ላይም ይበዛል፤ አካሉ ገና ስላልጠና። እርስዎ በስንት ዓመትዎ ተዳሩ?»

ልክየለሽ ወደ እኔ ዞረች፤ ከዚያ ወደ እሱ።

«በአሥራ ሁለት።»

ዶክተሩ የያዘውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሃያ ስምንት ዓመት ነው እኮ» አለች። «ሃያ ስምንት ዓመት ተቀምጦ?»

«ሊሆን ይችላል። ከሁለተኛ ባለቤትዎም ሊሆን ይችላል። ከማን እንደመጣ ማንም ሊነግርዎ አይችልም። በአልጋ ይተላለፋል፤ ግን አንድ ባል ብቻ የምታውቅ ሴት፣ ባሏም ዱሮ አንድ ጊዜ ሌላ ሴት ያወቀ ቢሆን፣ ሊይዛት ይችላል። ወንዱ አይታወቀውም፤ አይታመምም።»

«ከባሏ በቀር ወንድ የማታውቅ ሴት» አለች ልክየለሽ ቀስ ብላ። የምታወራው ስለ ራሷ እንዳልነበረ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

በመመለሻችን ከባሕር ዳር ወጣን። ከዚያ፣ «የልጅቷን ቤት ፈልጊልኝ» አለችኝ።

ሽታዬን ዳንግላ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠላ ቤት አገኘናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ሠላሳ አምስት ትመስላለች። የአንድ ዓመት ሴት ልጅ አዝላለች። ልክየለሽን ወዲያው አወቀቻት። ብርጭቆ የምታጥብበትን ባልዲ አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ቆመች።

ልክየለሽ በአገውኛ ጀመረች። በሕይወቴ ስትናገረው የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ቃላቱ እየጠፏት ትደናቀፍ ነበር። እናትሽ ንጹሕ ነበረች፣ በሽታው ይኼ ነው፣ እኔ አላወቅሁም፣ ሳላይ ፈረድሁባት፣ እኔም ይኸው ያዘኝ፣ እሞታለሁ አለቻት።

ሽታዬ ሰምታ ስታበቃ በአማርኛ መለሰችላት።

«እዚህ በአማርኛ ነው።»

ልክየለሽ አንገቷን ደፋች።

«እናቴን በሰው ፊት ነው ያዋረድሻት። ለእኔ ለብቻዬ ጠላ ቤት መጥተሽ የምትነግሪኝ ምን ላደርገው ነው? እዚያው መንደር ሂጂ። አባቴ ባለበት፣ ያ ደብዳቤ በተነበበበት ስብሰባ ላይ ተናገሪ።»

«ይቅር ትዪኛለሽ?»

«አልልሽም» አለች ሽታዬ። «ግን ሂጂና ተናገሪ።»

የካቲት ውስጥ ሄደች። እንዳትሄድ ለምኛት ነበር፤ እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም። ገበሬ ማኅበሩ የተሰበሰበው ትልቅ ግራር ሥር ነው። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ለመንግሥት የሚገባውን እህል፣ ቀጥሎ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ልጆች ስም አነበበ። እናቶች ጥግ ላይ ያለቅሱ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ «ሐኪሟ ስለ ጤና አጭር ነገር ትናገራለች» አለ። ቢሻው ከፊት ተቀምጧል። ሽታዬ ልጇን አዝላ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች።

ልክየለሽ ሰው ላይ ተደግፋ ቆመች። የምህረቴን ስም ጠራች። ይቺ ሴት በደል አልነበረባትም፤ በሽታው በባል አልጋ ላይም ይመጣል፤ ወንዱ ይዞት ይመጣል፣ እሱን አያመውም፤ የሴትየዋም ሰውነት ሳያውቀው ዓመታት ይቀመጣል፤ እኔ በድያታለሁ፤ እኔም ይኸው በሽታ ይዞኛል አለች። ሁሉንም አለች፤ ምንም አላስቀረችም።

ከዚያ ቢሻው ተነሣ።

«እሷም እንደዚያች ስለሆነች ነው የምትሟገትላት። በአፏ ተናገረች እኮ!»

ሳቁ ከኋላ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ፣ «እኛ ነን በሽታ የምናመጣው ነው የምትዪን?» ብለው በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። ሊቀ መንበሩ ቤት አፍራሽ ወሬ አልፈቅድም ብሎ አስቆማት። ስንወጣ ሴቶቹ አንገታቸውን ሰበሩ፤ ወደ እኛ የተጠጋ አልነበረም። ሽታዬን ፈለግኋት፤ ሄዳለች።

ሳምንት ሳይሞላ ለክሊኒኩ ኃላፊ አቤቱታ ደረሰው። በሽታ ያለባት ሴት መርፌ አትወጋንም አሉ። ጋዋኗን አስረከበች። እሱስ ባልከፋ። የከፋው ወሬው ከመንደር መንደር ሲሄድ መለወጡ ነበር። ባል ያመጣዋል ያለችው በመንገድ ቀረ፤ በአልጋ ይመጣል ያለችው ብቻ ደረሰ። በሚያዝያ ወር በዚያ አካባቢ ሁለት ወንዶች ሚስቶቻቸውን አባረሩ። አንደኛዋ ከወለደች በኋላ ደሙ ያልቆመላት ነበረች፤ የምህረቴ በሽታ እንኳ አልነበረባትም። «ሐኪሟ ራሷ ናት የተናገረችው፤ ደም የሚፈሳት ሴት ከሌላ ወንድ ውላለች ማለት ነው» አለ አሉ ባልየው።

ይኼን ለልክየለሽ እንዳይነግሯት አስጠንቅቄ ነበር። የነገረቻት ሽታዬ ናት።

ሰኔ መግቢያ ላይ ከዳንግላ መጣች። ልክየለሽ ያን ጊዜ አትነሣም። ሽንቷ እየጠፋ ፊቷ ያበጠ ነበር፤ ከኖቫልጅን በላይ የሕመም ማስታገሻ አልነበረንም፤ እሱም ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። ሽታው ከእኔ ቤት አልፎ መንገድ ይደርስ ነበር። ሽታዬ አፍንጫዋን አልያዘችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሁለት ሴቶች ተባረሩ» አለች። «አንዷ ጠላ ቤት መጥታ ሥራ ጠየቀችን። አንቺ በተናገርሽው ነው።»

«አንቺ ነሽ ተናገሪ ያልሽኝ» አለች ልክየለሽ በደከመ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ሽታዬ ወደ አልጋው ዝቅ አለችና እንደ እናቷ በቀስታ፣ በአገውኛ ጠየቀች።

«እኔስ አለብኝ?»

ልክየለሽ ዓይኗን ከፈተች።

«ከእናትሽ አልወረስሽውም። እንደዚያ አይደለም የሚመጣው።»

«ጠላ ቤት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ» አለች ሽታዬ። «ከዚያ ከመጣስ?»

እኔ ድስት እያጠብኩ ነበር፤ እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። ጠላ ቤቱ ማን እንዳስገባት ሦስታችንም እናውቃለን። ልክየለሽ ለመዋሸት ጊዜ ነበራት፤ አፏም ተንቀሳቅሶ ነበር።

«አላውቅም» አለች። «ይኑርብሽ አይኑርብሽ እዚህ አገር የሚነግርሽ የለም። ብዙ ሴቶችን ይለቃቸዋል። ደም ሳይፈስሽ በፊት ጎንደር ሄደሽ ታዪ። እኔ ዘግይቼ ነው። አንቺ ምንም ሳይታይብሽ ሂጂ።»

«ምንም ሳያመኝ ምን ብዬ ልሂድ?»

«ምንም ሳያምሽ ነው የምትሄጂው። አይገባሽም? ምንም አይልሽም እኮ!» ልትጮህ ሞክራ ሳል አነቃት። ሽታዬ ቀና አድርጋ ደገፈቻት፤ ሳሉ ሲያልፍ መልሳ አስተኛቻት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ደህና ሁኚ አላለችም።

ልክየለሽ ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሞተች። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት አላወቀችኝም፤ በአገውኛ ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ ስትከራከር ነበር፤ አንዴ የእንስራ ነገር ስታነሣ ሰማኋት። ዕድርተኛው ደንብ ስለሆነ መጣ። ወንዶቹ አፍንጫቸውን በጋቢ ጠቅልለው አስከሬኑን ተሸከሙ፤ ዝናብ ነበር፤ ቶሎ ቀብረው ተመለሱ። ፍራሿን የጎረቤት ሰዎች ጓሮ አውጥተው አቃጠሉት። እኔን ሳይጠይቁ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። እኔም በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው የተዳርሁት። ሁለት ባል አይቻለሁ። ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ ጎንደር ለመሄድ ተነሣሁ፤ በመንገዴ ዳንግላ ወርጄ ሽታዬን አብረን እንሂድ አልኋት። የአውቶቡሱንም፣ የማደሪያውንም እኔ እችላለሁ አልኋት።

«አለ ቢሉኝስ ምን ያደርጉልኛል?» አለች።

«ገና ከሆነ ቆርጠው ያወጡታል። ትድኛለሽ።»

«ከሌለስ? ተመልሼ እዚሁ አይደል የምመጣው? በማግስቱ ቢይዘኝስ?»

ልጇ በእግሯ መካከል ቆማ ቀሚሷን ይዛ ታየኝ ነበር። ብቻዬን ሄድኩ።

ዶክተር አዝመራው መረመረኝ። «ንጹሕ ነው» አለኝ። «ምናልባት ይዞዎት ሰውነትዎ አስወግዶት ይሆናል፤ ምናልባትም ጭራሽ አልያዘዎትም ይሆናል። እኔም አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም።»

ምን አድርጌ ነው የዳንሁት ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ መልሱን ስለማውቀው ተውኩት። ከሆስፒታሉ ወጥቼ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ደስታ እግሬን ሲያቀለው ይሰማኝ ነበር። ብርቱካን ገዝቼ መንገድ ላይ ቆሜ በላሁ። ምህረቴን፣ ልክየለሽንና ሽታዬን ያሰብኳቸው ሁለተኛውን ስልጥ ነው፤ ያኔም ቢሆን መብላቴን አላቆምኩም።